ሰዓሊው ሲቀየር ስፓይደርማንም ይቀየራል እንዴ?

ዘንድሮ ምን እንደነካችሁ አላውቅም፣ በዚህ ወር ከመጡልኝ ጥያቄዎች ሶስቱ ስለ ኮሚክ ናቸው። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ሰልፍ የጠየቃችሁ ለሚቀጥለው ቆዩኝ።

ጥያቄ፦ ሰላም ነው? እኔና ጓደኛዬ አራት ኪሎ ማኪያቶ በጠጣን ቁጥር የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ። እሱ ስፓይደርማን ማንም ይሳለው ማን ያው ስፓይደርማን ነው፣ ታሪኩን የሚሰራው ጸሐፊው ነው፣ ሰዓሊው እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ማስጌጫ ነው ባይ ነው። እኔ ደሞ ስልኬ ላይ ስከታተለው የነበረ አንድ ተከታታይ ኮሚክ ሰዓሊው ሲቀየር በቃ ጣዕሙ ጠፋኝ። ጸሐፊው ያው ነው፣ ጀግናው ያው ነው፣ ልብሱ ሳይቀር ያው ነው፣ ግን ሌላ ሰው የማነብ ነው የመሰለኝ። ያበድኩት እኔ ነኝ ወይስ እሱ? ማኪያቶ ተወራርደናል። (የአራት ኪሎው)

መልስ፦ የአራት ኪሎው፣ አላበድክም፣ ማኪያቶህን ጠጣ ሂሳቡን እሱ ይክፈል። ባዶ እጅህን ሄደህ «ተሸንፈሃል ተብሏል» ብትለው ግን እንደማይሰማህ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ስንቅ ልስጥህ።

መጀመሪያ እዛው ቁጭ እንዳላችሁ ሁለት ሶፍት አምጡና «ሰውየው ከጣራ ዘለለ» የሚለውን ሁለታችሁም ሳሉት። አንዳችሁ ሰውየውን አየር ላይ እጁን ዘርግቶ ትስሉታላችሁ፣ አንዳችሁ ደሞ ገና ጣራው ጫፍ ላይ እግሩ ተንጠልጥሎ ወደ ታች ሲያይ። ዓረፍተ ነገሩ አንድ ነው አይደል? የመጀመሪያው ግን ስለሚበር ሰው ነው፣ ሁለተኛው ስለሚፈራ ሰው። ይሄን የመረጠው ጸሐፊው አይደለም።

ሁለተኛ፣ ጓደኛህ የማያውቀው የሚመስለኝ ነገር፦ በ1960ዎቹ (በፈረንጅ ነው የምቆጥረው እዚህ ሁሉ) ስፓይደርማንን የሚያሳትመው ማርቭል ቤት ጸሐፊው እንደ ፊልም ስክሪፕት ሙሉውን ጽፎ አይሰጥም ነበር። ጸሐፊው ስታን ሊ ሀሳቡን ባጭሩ ይነግራል፣ አንዳንዴ በወረቀት አንዳንዴ በቃል፣ ሰዓሊው ሃያ ገጽ ምናምን ስሎ ያመጣል፣ ንግግሩ የሚሞላው ከዛ በኋላ ነው። ስለዚህ ድብድቡ ስንት ገጽ እንደሚፈጅ፣ ማን መቼ በሩን እንደሚከፍት፣ የቱ ጋ ሁሉም ዝም እንደሚል የሚወስነው እርሳሱን የያዘው ሰውዬ ነው። እንደውም በ1966 የፋንታስቲክ ፎር ኮሚክ ቁጥር 48ን ሰዓሊው ጃክ ከርቢ ስሎ ሲያመጣ ስታን ሊ ጭራሽ ያላዘዘው አንድ ብርማ ሰውዬ በሰርፍ ቦርድ ሰማይ ላይ ሲንሳፈፍ አገኘ። ሲልቨር ሰርፈር። ከርቢ፣ ፕላኔት የሚበላን የሚያህል ፍጡር ከፊቱ የሚቀድም መልእክተኛ ያስፈልገዋል ብሎ ነው በራሱ ጊዜ የጨመረው። ማስጌጫ የተባለው ሰውዬ ገጸ ባህሪ ወለደ እኮ!

አሁን ወደ ስፓይደርማን እንምጣ፣ ለክርክራችሁ ከሱ የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1962 መጀመሪያ የሳለው ስቲቭ ዲትኮ ነው። የዲትኮ ፒተር ፓርከር (ስፓይደርማን ጭምብሉን ሲያወልቅ ማለት ነው) ትከሻው ጠባብ፣ ባለ መነጽር፣ ክፍል ውስጥ ማንም የማያናግረው ዓይነት ልጅ ነው፣ ጭምብሉን ካጠለቀ በኋላ እንኳን ቀጭን ነው፣ ክንድና እግር ብቻ። ጣቶቹን ግን እይልኝ። ዲትኮ እጅ መሳል ያውቅበታል፣ ሰው መጨነቁን ሊያሳይህ ሲፈልግ ፊት ሳይሆን ጣት ነው የሚያሳይህ። የአሜዚንግ ስፓይደርማን ቁጥር 33ን ፈልገህ አንብብ፣ እሱም የ1966 ነው። ፒተር ተራራ የሚያክል ብረት ወድቆበታል፣ ውሀ እየገባ ነው፣ አክስቱን የሚያድነው መድኃኒት ፊት ለፊቱ ወድቋል ግን እጁ አይደርስም። ይሄን ለጸሐፊ ብትሰጠው «እንደምንም ብሎ ብረቱን አነሳው» ብሎ ያልፈዋል። ዲትኮ አምስት ገጽ ገደማ ፈጀበት። መጀመሪያ ሥዕሎቹ ያሉባቸው ሳጥኖች ትናንሽ ናቸው፣ ልጁ እዛች ጥግ ውስጥ ተጨፍልቆ ነው የምታየው፣ ትንሽ ሲያቃስት ትንሽ ሲነቃነቅ ሳጥኑም ትንሽ ይሰፋል፣ ገጽ በገለጥክ ቁጥር ይሰፋል፣ መጨረሻ ላይ ብረቱን ሲያነሳው ገጹ በሙሉ አንድ ሥዕል ሆኖ ይጠብቅሃል። አንተም ትንፋሽህን ይዘህ ቆይተህ እዛ ጋ ነው የምትለቀው። እዛ ገጽ ላይ ያሉትን ቃላት በሙሉ ብታጠፋቸው ምንም አይጎድልብህም፣ እኔ በወረቀት ሸፍኜ ሞክሬዋለሁ።

ከዛ ዲትኮ ከቁጥር 38 በኋላ ጥሎ ሄደ። ቁጥር 39ን ጆን ሮሚታ ተረከበ። ሮሚታ ከዛ በፊት ለዓመታት የፍቅር ኮሚክ ሲስል የኖረ ሰው ነው፣ መጀመሪያ ላይ አንባቢው እንዳይደናገጥ ብሎ እንደ ዲትኮ ለመሳል ሞክሮ ነበር ግን እጅ አመሉን አይተውም። ቀስ በቀስ ፒተር ትከሻው ሰፋ፣ ፀጉሩ ተበጠረ፣ ቆንጆ ሆነ። ቁጥር 42 ላይ ሜሪ ጄን (ኋላ የፒተር ፍቅረኛ የምትሆነው) በሩ ላይ ቆማ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ስታሳይ አንድ ሙሉ ድብድብ የሚያህል ጉዳይ ነው የሆነው። ሰዓሊው ሴት ልጅ በር ላይ መቆሟን እንደ ፍንዳታ መሳል ስለሚችል ታሪኩም ወደዛው ሄደ፣ ማን ማንን ወደደ፣ ማን ማንን ቀጠረ ምናምን። ልብ በል፣ ሁለቱም ጋ ንግግሩን የሚጽፈው ያው ስታን ሊ ነው! ጓደኛህን እዚህ ጋ ያዘው። እኔ በግሌ የዲትኮውን እመርጣለሁ፣ ያ ልጅ ያሳዝነኛል፣ የሮሚታው ግን አያሳዝነኝም እቀናበታለሁ እንጂ። ገበያው ከሮሚታ ጋ ነበር ለማንኛውም፣ መጽሔቱ የማርቭል ቁጥር አንድ ሻጭ የሆነው በሱ ጊዜ ነው።

በ1988 ደሞ ከቁጥር 298 ጀምሮ ቶድ ማክፋርለን መጣ። እሱ «ሸረሪት» የሚለውን ቃል በጣም አምርሮ ነው የወሰደው። የጭምብሉን ዓይን ግማሽ ፊት አሳከለው፣ ጉልበቱን ከጆሮው በላይ አወጣው፣ ድሩ ድሮ በመስመርና በኤክስ ምልክት ብቻ የሚሳል የነበረውን እንደ ፓስታ የተጠማዘዘ አረገው። ሰው የሚያየው ነፍሳት ነው፣ ትንሽ ያስፈራል። ታሪኩም ጨለም አለ። በ1990 በራሱ ጽሑፍና ሥዕል ያወጣው አዲስ መጽሔት፣ «ስፓይደርማን» ቁጥር 1፣ ወደ 2.5 ሚሊዮን ቅጂ ተሸጠ። ገዢው ማንን ፈልጎ እንደሚገዛ ያኔ ሁሉም ገባው፣ ሰዓሊዎቹም ገባቸው፣ በ1992 እሱን ጨምሮ ሰባት ሰዓሊዎች ትልልቆቹን ቤቶች ትተው የራሳቸውን አሳታሚ ኢሜጅ ኮሚክስን አቋቋሙ። (ካቋቋሙት በኋላ የጻፉት ታሪክ ስንቱ ይነበባል ካልከኝ፣ እሱ ላይ ጓደኛህ ትንሽ ነጥብ ያገኛል።)

ዴርዴቪልንም ባጭሩ፣ ምክንያቱም ዓይነ ስውር ጠበቃ ነው፣ የማያይ ሰው የሚያየውን እንዴት ትስላለህ? ፍራንክ ሚለር በ1979 ሲመጣ ለመሳል ብቻ ነበር፣ ጽሑፉን የያዘው ቆየት ብሎ ነው፣ ረዣዥም ቀጫጭን ሳጥኖች፣ ጥላ፣ የጣራ ላይ የውሀ ጋን፣ ነገሩን የወንጀል ፊልም አረገው። በ2011 ደሞ ፓኦሎ ሪቬራና ማርኮስ ማርቲን ያንኑ ሰውዬ ብርሃን ውስጥ አወጡት፣ ድምጹን ፊደል አርገው ከሚሰማበት ቦታ ላይ ሳሉት፣ ከተማዋ በጆሮ የተሳለች ትመስላለች። ሚለርን አንብቤ ስጨርስ ዝም ነው የምለው፣ ይሄኛውን ሳነብ እስቃለሁ።

አሁንም ካልተሸነፈልህ የመጨረሻዋን ጥይት እንካ፦ የቀስተኛው ጀግና የሆውክአይ ኮሚክ ቁጥር 11፣ 2013፣ ሰዓሊው ዴቪድ አሃ። ሙሉ ዕትሙ በውሻ ዓይን ነው፣ ወይ በአፍንጫ ልበልህ። ሰዎቹ ሲያወሩ ንግግራቸው የሚጻፍበት ፊኛ ውስጥ ያለው አይነበብም፣ ውሻው የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት ብቻ ናቸው የሚለዩት። ሌላው ሁሉ ምልክት ነው፣ ይሄ ሰውዬ ቡና ይሸታል፣ ይሄኛው ከዛኛው ጋር ነበር፣ ይሄኛው ጠላት ነው፣ እንደ ሜትሮ ካርታ በመስመር እየተያያዘ። ጓደኛህን «በል ይሄን ያለ ሥዕል ጻፈው» በለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልለቅህ፣ «ሰዓሊው» ስንል ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም። አንዱ በእርሳስ ይነድፋል፣ ሌላው በጥቁር ቀለም ይወጣበታል፣ ሌላው ከለር ይሰጠዋል፣ ሌላው ፊደሉን ይጽፋል። የሚለር ዴርዴቪል የሚለር የመሰለው ክላውስ ጃንሰን በሻካራው ብሩሽ ስለወጣበት ነው። እና ያንተን ተከታታይ ኮሚክ ጣዕም ያጠፋው ምናልባት ከለር ሰጪው ሊሆን ይችላል፣ የመጀመሪያውን ገጽ ታች ያለውን የስም ዝርዝር እየው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቀን ቀን ማስታወቂያ ቤት ዲዛይን እሰራለሁ፣ ማታ ማታ የራሴን ሱፐርሂሮ ኮሚክ እስላለሁ፣ ጀግናዋ ሴት ናት። አሳሳሌ ዓይኑ ትልልቅ ነው፣ መስመሩ ወፍራም፣ ትንሽ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ይመስላል። አብሮኝ የሚጽፈው ልጅ «ይሄ ያበሻ ሥዕል ነው፣ ጡንቻ የለውም፣ ለሱፐርሂሮ አይሆንም» ይለኛል። ልቀይረው? ደሞ በከለር ማሳተሚያ ብር የለንም። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ እንዳትቀይሪው። ልጁን ግን አትጣዪው፣ የጠየቀው ነገር ተገቢ ነው፣ መልሱ ነው የጠፋበት።

ቸርችል ጎዳና ካሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ግቢና የንግሥት ሳባን ሥዕል አስወርጂ፣ ያ በትንንሽ ሳጥን የተከፋፈለውን፣ ብዙ ጊዜ 44 ሳጥን ነው፣ ከየሥዕሉ ሥር በአማርኛ ተጽፎበታል። ከዘንዶው ይጀምርና ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ሄዳ፣ ሰለሞን አታሎ ውሀ አስጠጥቷት፣ ምኒልክ ተወልዶ እያለ ይቀጥላል። ይሄ ኮሚክ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ለቱሪስት ስለሚሸጥ ንቀነው እንጂ። ስለዚህ «ያበሻ ሥዕል ለተከታታይ ታሪክ አይሆንም» የሚለው እዛው ጋ ወደቀ።

ዋናው ግን ዓይኑ ነው። በኛ አሳሳል ጻድቁ ፊት ለፊት ሁለት ዓይኑን ይዞ ነው የሚያይሽ፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን። ፊደል ያልቆጠረ ሰው እንኳን ማን ማን እንደሆነ ግድግዳውን አይቶ ያውቃል። አሁን ይሄን ወደ ኮሚክ አምጪው፦ የጀግናዋን ወንድም ለአምስት ምዕራፍ ሁሌ ፊት ለፊት እየሳልሽው ቆዪ፣ አንድ ቀን እራት እየበሉ በጎን በአንድ ዓይን ሳዪው። አንድም ቃል አትጻፊ። አንባቢሽ ጉርሻው አፉ ውስጥ ይቀራል፣ ሊከዳት ነው ይላል። ኒውዮርክ ያለ ሰዓሊ ይቺን አያገኛትም።

ጡንቻ የሚለውን በተመለከተ፣ ሱፐርሂሮ የሚያስፈልገው ጡንቻ ሳይሆን ከሩቅ መለየት ነው። ጀግናሽን በሙሉ ጥቁር ቀቢያትና ጥላዋን ብቻ እዪ፣ ማን እንደሆነች ካወቅሽ ሥራሽ ተሰርቷል፣ ካላወቅሽ ጡንቻ ብትከምሪባትም አይረዳሽም። ነጠላ አለባበስ፣ የፀጉር አሠራር፣ ጃንጥላ፣ የሆነ ነገር ስጫት። ስለ ቅርጽ ካነሳን አፍሪካ አዳራሽ ግቢና የአፈወርቅ ተክሌን ባለ ቀለም መስታወት አንዴ ረጋ ብለሽ እዪው፣ 150 ካሬ ሜትር ነው፣ ሰዉን ሁሉ የያዘው ያ ጥቁር ወፍራም መስመር ነው፣ ከአዳራሹ ማዶ ቆመሽ ማን ምን እያረገ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ያንቺም ወፍራም መስመር የዛ ዘመድ ነው።

ከለር የለንም ስትዪኝ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝልሽ። ካምፓስ እያለሁ ሁለት ኮሚክ ተውሼ ከመመለሴ በፊት ኮፒ ቤት ወስጄ አስገለበጥኳቸው። አንደኛው የዘጠናዎቹ ዓይነት ነው፣ ሁሉም ጥርሱን ነክሶ፣ ጡንቻ ላይ ጡንቻ፣ ጡንቻው ላይ ደሞ ትናንሽ መስመር፣ በከለር ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር። ኮፒው ጭቃ ሆኖ ወጣ፣ የማን ክንድ የማን እግር እንደሆነ አይለይም። ሁለተኛው የማይክ ሚኞላ ሄልቦይ ነበር። ሚኞላ የገጹን ግማሽ ድፍን ጥቁር አርጎ ይተወዋል፣ አንድ እጅ፣ አንድ መስቀል፣ የፊት ግማሽ ብቻ ከጥቁሩ ብቅ ይላል፣ የቀረውን አንቺ ትሞዪዋለሽ። ያ ኮፒ ምንም አልሆነ፣ እንደውም አማረ። ኮፒ የምታረገው ልጅ ብቻ ተናደደች፣ «ቶነሬን ጨረስከው» ብላ። እና ምክሬ ይሄ ነው፣ እያንዳንዱን ገጽ ሳታሳትሚ በፊት ኮፒ አስደርገሽ እዪው። ኮፒው ላይ የሞተ ገጽ በከለር አይድንም።

ስለ ፊደልም ልንገርሽ፣ ይሄ ብዙ ሰው የሚስተው ነው። የአሜሪካ ኮሚክ ንግግሩን የሚጽፈው በካፒታል ሌተር ነው ብዙውን ጊዜ፣ የኛ ፊደል ካፒታል የለውም። ጩኸት ለማሳየት ያለሽ ውፍረትና የፊኛው ቅርጽ ነው። ደሞ ፊደላችን ቅጥያ ስለሚበዛው ካሳነስሽው ጸ እና ጰ አይለይም፣ ስለዚህ ፊኛሽ ከነሱ ሰፋ ይበል፣ ያ ማለት ሥዕሉን ስትነድፊ ገና ከመጀመሪያው ቦታ ተዪለት። በሌላ በኩል ግን አማርኛ ለድምጽ የተፈጠረ ቋንቋ ነው፣ ዷ፣ ጧ፣ ሿ፣ ዥው፣ እልም፣ ብልጭ፣ ድርግም። «ቡም» ብለሽ ጽፈሽ እንዳላገኝሽ። «ድርግም»ን በጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ጻፊው፣ መብራት የጠፋበት ሰው ሁሉ ይገባዋል፣ እዚህ ሀገር ደሞ ያ ሁላችንም ነን።

የመጨረሻው ቦታው ነው። ስፓይደርማን ድሩን የሚሰቅልበት ሕንፃ ስላለው ነው የሚወዛወዘው፣ ሰውነቱ እንደዛ የታጠፈው ከተማው ስለሚፈቅድለት ነው። ያንቺዋ ከብሄራዊ ጋ ካለው የንግድ ባንክ ሕንፃ ብትነሳ 209 ሜትር አላት፣ ከዛ በኋላስ? ቆርቆሮ ጣራ ላይ ስታርፍ ጓጓታው ሰፈሩን ሁሉ ይቀሰቅሳል፣ በድብቅ መሄድ አትችልም! የባህር ዛፍ መወጣጫ ላይ ስትሮጥ አጣናው ይወዛወዛል። ይሄ አረማመዷን ይወስናል፣ አረማመዷ ደሞ ጠባይዋን። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሆን ሱፐርሂሮ አዲስ ነገር አይደለም፣ ኢታን ኮሚክስ ያወጣው ጀምበር ሥራ ፈላጊ የአዲስ አበባ ምሩቅ ነው፣ በአማርኛም ተነቧል፣ አንብቢው። አሳሳሉ ግን ካንቺ ይለያል፣ አሪፉ ነገር እሱ ነው።

አዎ፣ አንድ ጥያቄ ልጁ ቢጠይቅሽ ደስ የሚለኝ፦ በዚህ አሳሳል 20 ገጽ በስንት ጊዜ ትጨርሻለሽ? አሜሪካ ወርሃዊ ዕትም ያንን ያህል ነው፣ ሰዓሊው በቀን አንድ ገጽ አካባቢ ማውጣት አለበት። አንቺ ማታ ማታ ነው የምትሰሪው። ስለዚህ የቀሚሱን ጥለት በየሳጥኑ የምትስዪ ከሆነ እሱን ቀንሺ፣ ዓይኑን አትንኪ።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቱ ነው፣ የሒሳብ ደብተሩን በሙሉ በጡንቻማ ሰዎች ሞላው፣ መምህሩ ተቆጡ። ልከልክለው? ወይስ ችሎታ ነው? (እናት፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ አይከልክሉት፣ ያለ መስመር የሆነ ደብተር ይግዙለትና የሒሳቡን ለሒሳብ ያስቀሩት። ችሎታ ነው አይደለም ለሚለው ደብተሩን ሳላይ ምንም ማለት አልችልም፣ ግን አንድ ነገር ያረጋግጡልኝ። ሁሉም ጀግኖቹ እጃቸውን ኪሳቸው ከተው፣ ወይ ወደ ኋላ አርገው፣ ወይ ቡጢ ጨብጠው ከሆነ እጅ መሳል እየሸሸ ነው፣ በሱ ዕድሜ ሁላችንም ሸሽተናል። አንድ ቀን ምሳ ላይ እርስዎ እንጀራ ሲቆርሱ ጣቶችዎን እንዲስል ያርጉት፣ ዝም ብለው ይቀመጡለት፣ ወጡ ቢቀዘቅዝም። ከዛ ፎቶውን ይላኩልኝ።